ሦስት ወሩ ሳይሞላ

ደብዳቤው የመጣው ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ሰፈር ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይገለጽ ጠይቋል። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው።

«34 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ካቲንግ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ጨርቅ ቆራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደመወዜ 6,000 ብር ነበር። ባለፈው ዓመት ፓተርን (የልብሱን ቅርጽ ልክ) የሚያወጣና ጨርቅ ላይ የሚደረድር የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። ቀጥሎ መቁረጫ ማሽን ተተከለ። በዚያ ላይ ትዕዛዝ ቀነሰ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከአምስት መቶ ሠራተኛ ወደ ሰባ የምንሆነውን ሰብስበው ‘ከነገ ጀምሮ አትምጡ’ አሉን። የአንድ ወር ደመወዝ ሰጡንና አንድ ወረቀት አስፈረሙን። በደንብ አላነበብኩትም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በየወሩ 1,000 ብር እልክላት ነበር፤ አሁንም እየተበደርኩ እልካለሁ። ጎረቤት እንዳያውቅብኝ ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስልኬን ይዤ ስለ ዓለም ፍትሕ እጽፋለሁ። ስለ አሜሪካ ቀረጥ፣ ስለ ኤአይ፣ ስለ ቢሊየነሮቹ። ጓደኞቼ ሰልችተውኛል። ባለቤቴ ‘ዓለምን ተወውና ስለ እኛ አስብ’ ትለኛለች። አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሟ ደግሞ ‘ኤአይ ሁሉንም ሥራ ሊበላው ነው፣ ምንም ብትማር ዋጋ የለውም’ ይለኛል። በቴሌግራም ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ኦንላይን ሥራ አግኝቻለሁ። መመዝገቢያው 8,000 ብር ነው። ከእቁብተኛ ልበደር አስቤያለሁ። ያበደችው ዓለም ናት ወይስ እኔ?»

ወንድም ዓለም፣

አላበድክም። ስለ ዓለም ፍትሕ የምትጽፈውንም እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም የምትለው ነገር አብዛኛው እውነት ነው። አሁን ግን እሱን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ቀን እንቁጠር። ከሥራ የወጣኸው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን የምጽፍልህ ጥር አጋማሽ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብለህ ክስ ማቅረብ የምትችለው ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ነው። ሦስት ወሩ ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይቀራል። ዳኛው ቢያዝንልህ እንኳ ሊያደርግልህ የሚችለው ነገር የለም። ከሥራ መቋረጥ ጋር ለተያያዙ ክፍያዎች ደግሞ ስድስት ወር አለህ። ስለዚህ ለዋናው ጥያቄ የቀሩህ ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። የምትጽፍባቸው ሌሊቶች እያለፉ የመብትህ ቀንም አብሮ እያለቀ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የነገርከኝ ነገር በሕጉ የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል። ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ አሥር በመቶው ሲቀነስ ነው። ከአምስት መቶ ሰባ ማለት ከዚያ በላይ ነው። አሠሪው እንዲህ ሲያደርግ ዝም ብሎ «አትምጡ» ማለት አይችልም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚቀነስም ሕጉ መለኪያ አስቀምጦለታል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም መስጠት አለበት። ለእናንተ የተሰጣችሁ የአንድ ቀን ነው።

በቅነሳ ለወጣ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ባንተ ደመወዝ በግርድፉ ሳሰላው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ደግሞ በ2,000 ሂሳብ 10,000 ይመጣል። 16,000 ብር ሆነ። ቅነሳ ስለሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ያ 12,000 ነው። ላልተሰጣችሁ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሌላ 12,000። ድምሩ 40,000 ብር ይሆናል። የሰጧችሁ የአንድ ወር ደመወዝ የማስጠንቀቂያው ነው ቢሉና ቢቀነስ እንኳ 34,000 ይቀርሃል። ያልተጠቀምክበት የዓመት ዕረፍት ካለም በገንዘብ ይታሰባል። ትክክለኛው ስሌት በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝህ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ሁሉ ሥራህ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልህ ይገባ ነበር።

ቅነሳው ሕጉን ሳይከተል የተደረገ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ያለ አግባብ ስንብት ይሆናል። ያኔ ወደ ሥራ መመለስ ወይም የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ይመጣል። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ያስፈልግሃል፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን አንተ ብድር ፍለጋ ስትሯሯጥ ሌላ ሰው እጅ ላይ የተቀመጠ ገንዘብ እንዳለህ ሳታውቅ እንድትከርም አልፈልግም።

ያችን የፈረምካትን ወረቀት አሰብኳት። እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ብዙ ጊዜ «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» የሚል ነው። ያንተም እንዲህ ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ። ሥራው በስምምነት ተቋርጧል ቢባል እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ማለቱ በሕግ ፊት ዋጋ እንደሌለው አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ደግሞም በአንድ ቀን ሰባ ሰው በፈቃዱ ለቀቀ ብሎ ዳኛ ፊት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የወረቀቱን ኮፒ ጠይቅ። ከተከለከልክ አብሮህ የፈረመ ሰው ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶት ሊሆን ይችላልና ፈልግ። የሥራ ልምድ ማስረጃህንም ጠይቅ። የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየህበትን ጊዜና ደመወዝህን የሚገልጽ ደብዳቤ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሲከፈልልህ የነበረው የጡረታ መዋጮ በትክክል መግባቱንም አረጋግጥ። ከደመወዝህ 7 በመቶ ሲቆረጥ ነበር፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ መጨመር ነበረበት። ሌላ ቦታ ስትቀጠር ስድስቱ ዓመት የሚቆጠርልህ ያ መዝገብ ካለ ነው።

የት ልሂድ ካልክ፣ መጀመሪያ የከተማችሁ ሥራና ስልጠና መምሪያ ሂድ። አቤቱታህን በጽሑፍ አድርገው፣ ገቢ ያደረግክበት ቀንና ማህተም ያለበት ኮፒ ይኑርህ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት ነው። የሥራ ክርክር የሚያቀርብ ሰው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች «ለፍርድ ቤት የሚሆን ገንዘብ የለኝም» ብለው ቤታቸው ይቀራሉ። ለጠበቃ አቅም ከሌለህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እዚያው ከተማችሁ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ የት እንደሚሰጥ ጠይቅ።

እባክህ ብቻህን አትሂድ። ሰባ ናችሁ። ሁሉም ባይመጣ አሥሩ ይመጣል። አንዳንዱ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ ሳይበተን አሁኑኑ ስልክ ተደዋወሉ። አንድ ላይ የቀረበ አቤቱታ ክብደቱ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል።

ወደ እናትህ ልምጣ። ይህ ከሕጉ ይልቅ የሚከብድህ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። እናትህ የመንዝ ሰው ናቸው። ገብሱ ሊያሸት ሲል ውርጭ የመታው ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ አያፍርም፤ ጎረቤቱም «ሰነፍ ነው» አይለውም። ያንተ ሥራ መጥፋትም እንደዚያ ነው የመጣው። እሳቸው ይህን ሳይነገራቸው ያውቃሉ። የማያውቁት ልጃቸው ብር እየተበደረ እንደሚልክላቸው ነው። ያንን ቆይተው ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት የሚጎዳቸው የሥራው መጥፋት ሳይሆን የደበቅካቸው ነገር ነው። ስለዚህ ስልክ አትደውል፣ ሂድና ፊት ለፊት ንገራቸው። መንገዱ ካልተመቸህ ግን ስልክም ቢሆን ዛሬ ይሁን። «እማ፣ ለጊዜው የምልክልሽን ልቀንስ ነው፣ መብቴን ለማስከበር እየተሟገትኩ ነው» በላቸው። ይህን ያህል ይበቃል።

የጠዋቱንም ልብስ ተወው። አንድ ሰው ሥራ እንደፈታ ሰፈሩ ካላወቀ ማንም «እንትና ጋ ቆራጭ ይፈለጋል» ብሎ አይጠራውም። አንተ የምትደብቀው ነገር ሥራ ሊያመጣልህ የሚችለውን ሰው ሁሉ ከአጠገብህ ያርቃል። የእቁቡን ዳኛም አነጋግር። ችግር የገጠመው ሰው ዕጣ ቀድሞ እንዲሰጠው ማድረግ፣ ወይም ተራ መቀያየር በየእቁቡ የተለመደ ነው። ከእቁብተኛ መበደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን አታድርግ።

ባለቤትህን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። «ስለ እኛ አስብ» ያለችህ ሴት ልክ ናት። እሷም ስለ ዓለም የማይገዳት ሰው አትመስለኝም፤ ሌሊት ከጎኗ የሚተኛ ሰው ጠፍቶባት ነው።

አሁን ስለ ፍትሕ ልመልስልህ። ይህን ክፍል በስስት አልጽፈውም፣ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ ልቤን የነካው ይኸ ነው።

አሜሪካ አጎአ የሚባለውን ሕግ ያወጣችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ከአፍሪካ አገሮች የሚገባ ብዙ ዕቃ፣ ልብስም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ ሆኖ ነው የወጣው። ኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ በየቦታው ስታቋቁም ትልቁ ተስፋዋ ይህ ገበያ ነበር። ከዚያ በሰሜኑ ጦርነት የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ተብሎ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዚያ ዕድል ወጣች። በነፃ ይገባ የነበረ የጥጥ ቲሸርት በመደበኛው የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ይከፈልበት ጀመር። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ። ገዥው ይህን ያህል ጨምሮ አይገዛም። ሌላ አገር ይሄዳል። ሐዋሳ ላይ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የልብስ ድርጅት እገዳው ሥራ ላይ ሳይውል ገና ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ጦርነቱ ያስከተለው ግፍ እውነት ነው፣ ዓለም ዝም ይበል አልልም። ግን ቅጣቱ ያረፈው ማን ላይ እንደሆነ እየው። ጦርነቱን ያወጀ ሰው ደመወዝ አልተቆረጠም። እገዳውን የፈረመ ሰው ምሳ አልቀረበትም። የቀረባት ማሽን ላይ የተቀመጠች፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። እሷ ደግሞ መጀመሪያውኑ ብዙ አልነበራትም። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት የሐዋሳ የልብስ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም በልብስ አምራች አገሮች መካከል ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። አገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። አዋጁ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም ወለሉ እስካሁን አልተቀመጠም። ሥራ ለፈታ ሰው የሚከፍል መድንም የለንም። ስለዚህ ሌሊት የምትጽፈው ቁጣ መሠረት አለው። እኔም እቆጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፤ ይህም ከኢትዮጵያውያን ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍን ዘግናኝ ነገር ሰው እያየ የሚያወጣው ሠራተኛ አለ። የአፍሪካ ቋንቋዎቹን ሥራ ናይሮቢ ውስጥ ያለ ሌላ ድርጅት ነበር የሚሠራው። ከሠራተኞቹ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያዩ የአገራችን ልጆች ነበሩበት። ቀን ከሌት የተገደለ ሰው ቪዲዮ ያያሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሥራው ቆመና በጅምላ ተባረሩ። እነሱም ስለ ዓለም ፍትሕ ብዙ ሊጽፉ ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ከ180 በላይ ሆነው በአንድነት ኬንያ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም» ብሎ ተከራከረ። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሜታ እዚያው ሊከሰስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ክርክሩ ገና ረጅም ነው። ግን ከዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ናይሮቢ ላይ ቆሞ እንዲመልስ ያደረገው የጥቂት ደመወዝተኞች ስም፣ ፊርማና ቀን ያለበት ወረቀት ነው።

ጽሑፍህን አቁም አልልህም። እኔ የምለው፣ አንተ የምትጽፈው «ዓለም ፍትሕ የላትም» የሚል ነው፤ የጠባሴው ቆራጭ ምን እንደተደረገበት ግን አንድም መስመር የለም። እስኪ እሱን ጻፍ። ስንት ሰው እንደወጣ፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ምን እንዳስፈረሟችሁ። መጀመሪያ ለመምሪያው፣ ከዚያ ለዳኛው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለኢሠማኮም፣ ለሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ፣ ይድረስ። ከሌላችሁም ለወደፊቱ እወቀው፤ አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ስለ ኮምፒውተሩ። የባለቤትህ ወንድም የሚልህን ብዙ ሰው ይለዋል፣ የሚለውም ስለ ፈራ ነው። እኔ ደግሞ ቴክኖሎጂው ሥራ አይወስድም ብዬ አልዋሽህም። ያንተን ሥራ ግማሹን ወስዷል፣ በዓይንህ አይተኸዋል። የአንድ ልብስ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጨርቁ ነው። ፕሮግራሙ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን፣ የጀርባውን ቅርጽ እያዟዟረ ትንሽ ጨርቅ እንዲባክን አድርጎ ይደረድራል። በእጅ በቾክ ሰዓታት የሚፈጀውን በደቂቃ ይጨርሰዋል። ባለ ፋብሪካ ይህን ገዛ ብዬ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ማሽኑ ካተረፈው ጨርቅና ጊዜ ላይ ለስድስት ዓመት ቆራጩ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ለመክፈል እንኳ ሳይፈልግ መቅረቱን ነው። ማሽን ሲገዛ የሠራተኛው ስንብት ከወጪው ጋር አብሮ መቆጠር ነበረበት።

ግን አንተ የምታውቀው ነገር ማሽኑ ውስጥ የለም። ኒት (የቲሸርት ዓይነት) ጨርቅ ከጥቅሉ ተፈትቶ ወዲያው ከተቆረጠ በኋላ እንደሚኮማተር ታውቃለህ። አንድ ቀን ያህል ተዘርግቶ ማረፍ አለበት። ሲነጠፍ ከተወጠረም ልብሱ በኋላ ያጥራል። የጨርቁን ፊትና ጀርባ፣ የክሩን አቅጣጫ በጣትህ ትለያለህ። በግራ እጅህ የብረት ጓንት አድርገህ መቶ ንጣፍ ጨርቅ አንዱ ከሌላው ሳይሸሽ ስትቆርጥ ኖረሃል። ፕሮግራሙ ወረቀቱን ይደረድራል፤ ጨርቁ ለምን እንደተበላሸ ግን አይነግርህም። እንደ እኔ ከሆነ ይህን እውቀት ይዘህ ሁለት በር ማንኳኳት ትችላለህ።

የመጀመሪያው እዚያው ከተማ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ቤቶች ከሐምሌ እስከ መስከረም ሥራ ይበዛባቸዋል። አብዛኞቹ የሚቆርጡት ጥቂት ጥቂት ንጣፍ ነው፤ ጨርቅም ይባክንባቸዋል። አንተ በአንድ ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቆርጠህ ልትሰጣቸው ትችላለህ። በቁራጭ ሂሳብ ተነጋገር። ከተባረሩት ውስጥ ሁለት ሰፊና አንድ ቆራጭ ሆናችሁ ብትጀምሩ ደግሞ የስንብት ክፍያው መነሻ ይሆናችኋል። አሁን ጥር ነው፤ እስከ ሐምሌ ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ያ ኮምፒውተር ነው። የወሰደብህን ሥራ ራሱን ተማረው። ቫለንቲናና ሲምሊ2ዲ የሚባሉ የፓተርን ማውጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሁለቱም በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ፋብሪካው የገዛው ውዱ ፕሮግራም ባይሆኑም መሠረቱን ያስተምሩሃል። ኮምፒውተር ከሌለህ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁን ጠይቅ። እዚያው ሳለህ ስለ ሙያ ብቃት ምዘና ጠይቅ፤ ሰዉ ሲኦሲ የሚለው ነው። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ተፈትኖ ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል፤ የግድ ኮሌጅ መቀመጥ የለበትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ነፃ ነው፣ በስልክ ኢንተርኔት መከታተል ይቻላል። እሱን ግን ሁለተኛ አድርገው። ፓተርን የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተር ሲማር የሚደርስበት ቦታ፣ ኮምፒውተር ብቻ የተማረ ሰው በቀላሉ አይደርስበትም። 34 ዓመት ለዚህ ምንም አይደለም።

የኦንላይኑን ሥራ መጨረሻ ላይ ያቆየሁት መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። ማታለያ ነው። አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል፤ ሠራተኛ ለአሠሪ መመዝገቢያ አይከፍልም። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩበት መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ቪዲዮ ላይክ አድርግ፣ ሆቴል ላይ ኮከብ ስጥ ይሉሃል። መቶ ሁለት መቶ ብር በቴሌብር ይልኩልሃል። እውነት መሰለህ ማለት ነው። ከዚያ «ደረጃህን ለማሳደግ» ተብሎ ሺዎች ይጠየቃሉ። ገንዘብህን ላውጣ ስትል «ግብር ክፈል»፣ «አካውንትህ ታግዷል፣ ለማስከፈት ይህን ያህል ላክ» ይመጣል። ግሩፑ ውስጥ «ተከፈለኝ፣ ተመስገን» የሚሉት ደግሞ አብዛኞቹ ራሳቸው ናቸው። 8,000 ብር ካንተ ኪስ ሲወጣ የልጅህ የሁለት ወር ወተትና የእናትህ ድርሻ ነው። ጠፍቶ ደግሞ የምትከሰው ሰው የለም፤ ቢሮ የለውም፣ ስም የለውም።

የመታወቂያህን ፎቶ ልከህላቸው ከሆነ ለባንክህና ለቴሌብር ነግረህ የይለፍ ቁጥርህን ቀይር። ካልላክህ ሰውዬውን ብሎክ አድርገውና ከግሩፑ ውጣ። ሰኞ ጠዋት መምሪያው ቢሮ ስትሄድ የሥራ ውልህን፣ የደመወዝ ደረሰኝህንና የፋብሪካውን መታወቂያ ይዘህ ሂድ። ከሰባው የምታገኛቸውን ጥራ። የፈረማችሁት ወረቀት ኮፒ ከተገኘ ስምህን ሸፍነህ ላክልኝ፤ ምን እንደሚል አብረን እናነበዋለን።